የንጽሕና ሽታ

ዐረብ አገር፣ ጉለይል ሰፈር ባለው ቤታችን መታጠቢያ ቤቱን በሎሚና በጨው ፈትጌ ስወጣ፣ ሚስቴ አሸተተችና «ገና አልጀመርክም እንዴ?» አለችኝ።

ልጅ ሳለሁ አክስቴ ተቀጥራ የምትሠራበት የኦብሑር ቪላ ትዝ አለኝ። በረኪና መካ ድረስ የሚሰማ ሳል ያስላት ስለነበር፣ እሷም በሎሚና በጨው ነበር የምታጸዳው። አሠሪዋ ማዳም ግን ሽታው አፍንጫዋን ካልሰነፈጣት መጽዳቱን አታምንም። «ነገም እንዲህ ከሆነ ኸላስ፣ አበቃ፣ አገርሽ ትገቢያለሽ!» አለቻት።

በማግሥቱ አክስቴ እንደ ልማዷ ፈተገችና የበረኪናውን ጠርሙስ ከፍታ ደጃፉ ላይ አቆመችው።

«ማሻአላህ፣ ዛሬ ገና ጸዳ!» አለች ማዳም።

«አክስቴ፣ ትናንት ቆሻሻ ነበር እንዴ?» ብላት፣ «ዝም በል የኔ አባት! ወላሂ፣ እኔም ግራ ገብቶኛል» አለችኝ።

ይኸው ጎልምሼም የበረኪና ጠርሙስ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ልክፈተው ወይስ ጸድቷል ብዬ ልማል?