በሐምዳይት ስለ ፍጥነት ያስተማርኩ ዕለት

ከአባቴ ጋር ከምኖርባት ከሱዳኗ ገዳሪፍ የተነሣሁት ጎሕ ሲቀድ ነው። ድንበሩ አጠገብ ባለው የሐምዳይት መጠለያ ለስደተኞች እንግሊዝኛ የሚያስተምር ጓደኛዬን ወባ ጥሎት «ለአንድ ቀን ተካልኝ» ብሎኝ ነበር። የዕለቱ ትምህርት እንግሊዞች ስለ ፍጥነት የሚናገሯቸው ፈሊጦች ናቸው። ተማሪዎቹ ከምዕራብ ትግራይ የተሰደዱ ናቸው፤ እኔ ደግሞ አፌን የፈታሁት በጎንደር አማርኛ ነው። በምን ዓይን ያዩኝ ይሆን እያልኩ ተሳፈርኩ።

ሸዋክ ላይ ፉል በላን። አስፋልቱ ካለቀ በኋላ የታጨደ ሰሊጥ ነዶ በየማሳው ቆሟል። ወድ ኤል ሒለው ስንደርስ ቅንድባችን ሳይቀር አቧራ ለብሷል።

ሐምዳይት

የማስተምረው ዳስ ውስጥ ነው። እንግሊዞች የፈጠነን ሰው «ቅባት እንደተቀባ መብረቅ» እንደሚሉት ነገርኳቸው።

«መብረቁን ማን ደርሶ ቀባው?» አለች አንዲት ሴት። ሁሉም ሳቁ።

«በእኛስ ምን ይባላል?» አልኩ።

«እንደ ጥይት!» «እግሬ አውጪኝ!» እያሉ ቆዩና ዓይናቸው ወደ ድንበሩ ወንዝ ዞረ። የሸሹበትን ቀን እንዳስታወስኳቸው ገባኝ።

ኪሮስ የሚባል ረጅም ጎልማሳ ከኋላ ተነሣ። «መምህር፣ በአገሬ በሩጫ የሚቀድመኝ አልነበረም። የሸሸን ዕለትም ወንዙ ጋ ቀድሜ ደረስኩ። ዞር ብል እናቴ የለችም።»

«ከዚያስ?»

«ተመለስኩ። ሰው ሁሉ ወደዚህ ሲሮጥ እኔ ወደዚያ። ግራር ሥር ተቀምጣ አገኘኋትና አዘልኳት። ስሮጥ ጉልበቷን እያመማት ትጮኻለች። ተኩስ ከኋላችን ይሰማል፣ እኔ ቀስ እያልኩ እሄዳለሁ። ይሄ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?»

ጥያቄውን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ከትምህርት በኋላ ኪሮስ ወደ ጎጆው ወሰደኝ። እናቱ አደይ ለተብርሃን በር ላይ ተቀምጠዋል።

«አገርህ ወዴት ነው?» አሉኝ።

«ጎንደር» አልኩ።

አቧራ የለበሰ እግሬን አዩት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው «ውሃ አምጣ፤ መንገደኛ ነው፣ እግሩን ይታጠብ» አሉት። ኪሮስ ጎንበስ ብሎ አስታጠበኝ። እንባዬን ለመደበቅ እኔም አቀረቀርኩ።

መልስ

እስከዚያ ቀን ስለ ስደት ሲወራ ማን ቀድሞ እንዳመለጠ ነበር የምጠይቀው። ማን ማንን ይዞ እንደ ደረሰ መጠየቅ እንዳለብኝ የተማርኩት ከኪሮስ ነው።

ገዳሪፍ ስገባ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር። አባቴ ምርኩዙን ይዞ መናኸሪያው በር ላይ፣ ሱዳኖች ረክሻ ከሚሏቸው ባጃጆች አጠገብ ይጠብቀኛል።

«አባየ፣ ረክሻ ልጥራ?»

«በእግሬ ይሻለኛል። ከቸኮልህ ቅደመኝ» አለ።

አልቀደምኩትም።