ጅረቷን አታስነኩ

«ጉብታውን ያዙ። ጅረቷን አታስነኩ።» ትእዛዙ ይህች ብቻ ነበረች። ጎህ ሳይቀድ ደረሰን፤ ፀሐይ ስትወጣ ጉብታው ላይ ነበርን። ጦርነቱ የትኛው ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ አገራችን ጦርነት አጥታ አታውቅም። እኔ የምነግራችሁ ስለ ጅረቷ ነው።

ከመቀሌ ወጣ ብሎ፣ ነጭ የኖራ ድንጋይ ገደል ሥር፣ እፍኝ የምታህል ደን አለች። ጅረቷ ከገደሉ ስንጥቅ ትወጣለች። ወይራና ዶቅማ ጥላ ሆነውላት፣ ቄጤማውን እየሰነጠቀች ትንሽ ትወርድና ድንጋይ ውስጥ ጥልቅ ብላ ትጠፋለች። አለቀች ስትሏት ከታች፣ ሾላው ሥር፣ ብቅ ትላለች። እኛ ይህን አናውቅም። ነፍሳችንን ሰጥተን የምንጠብቀውን ውኃ፣ ጠላት ከታች ሆኖ ገላውን ይታጠብበት ነበር!

ይህን የደረሰበት ደምሴ ነው። ደምሴ የጎጃም ልጅ፣ የምሽግ ጓደኛዬ። ሥራ ሲፈታ ድንጋይ እየገለበጠ ሸርጣን ያሳድዳል፤ «ሸርጣን ካለ ውኃው ጤነኛ ነው» ይላል። ስሜ ሓጎስ ነው፤ እሱ ግን ሓ አልወጣልህ ብሎት እስከ መጨረሻው «አጎስ» እያለ ነው የጠራኝ። አንድ ቀን ካልሲውን ሲያጥብ ውኃው ነጥቆት ድንጋይ ውስጥ ገባ። ከሰዓት በኋላ ከታች ካለው ምሽግ አንድ ሰው ጮኸ፦ «የማን ካልሲ ነው? ኧረ ይሸታል!» ደምሴ መልሶ፣ «ማርካችሁታል፣ በደንብ ያዙት!» አለ። ያን ዕለት ከሁለቱም ወገን የተተኮሰ ጥይት አልነበረም።

ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ሊነጋጋ ሲል መድፉ ጀመረ። ጉብታውን አልለቀቅንም። ረፋድ ላይ ተኩሱ ቆመ። ደምሴ በተኩሱ መሃል ኮዳ ይዞ ወደ ጅረቷ ወርዶ ነበር። አልተመለሰም። ትልቁ ወይራ ሥር ቀበርነው። ከጋንታችን የጎደሉት አምስት ናቸው። የአራቱን አጽም ከጊዜ በኋላ ዘመዶቻቸው መጥተው ወሰዱት። ለደምሴ የመጣ ሰው የለም፤ ስለዚህ ወደ መቃብሩ እኔ እሄዳለሁ።

አሁን መቀሌ፣ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ነው የምኖረው። ግቢዬ ውስጥ ከሌላ ክልል የመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተከራይተዋል፤ ጩኸታቸው ለጉድ ነው፣ ግን እወዳቸዋለሁ። በዚህ ክረምት መግቢያ ወደ ወይራው ብሄድ፣ ጎርፍ የቆፈረው ቦረቦር መሬቱን ከታች እየበላ መጥቶ ከደምሴ እግር ሥር ደርሷል። አንድ ኃይለኛ ዝናብ ቢጥል መቃብሩም፣ ወይራውም፣ የምንጩ አፍም አብረው ሊሄዱ ነው።

ቤት ስገባ ተማሪዎቹን ሰበሰብኩ። ስለ መቃብሩ ትንፍሽ አላልኩም። «ጅረት ልትጠፋ ነው፤ ክትር እንሠራለን» አልኳቸው። የደብረ ብርሃኗ ትዕግስት፣ «አቦይ አጎስ፣ እኛ አለን!» አለች። የአዲስ አበባው ናትናኤል ጓደኞቹን ጠርቶ መጣ። በማግስቱ ጠዋት ደኑ ውስጥ ነበርን። መጀመሪያ ከዳገቱ ላይ የወይራ ችግኝ ተከልን። ከዚያ ትእዛዝ ሰጠሁ፦ «እኔ ድንጋዩን እደረድራለሁ። እናንተ ጆንያ ሙሉ ሓመድ አምጡ። ከዚህ እንዳትነኩ፣ ከሌላ ቦታ! ዝናቡ ሳይቀድመን!» እንደ ሰለጠነ ወታደር ለምን ሳይሉ ሄዱ። ኮራሁባቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስት ባጃጅ ጆንያ ጭነው መጡ። አንዱን ፈታሁት። አመዴ ቡን አለ፤ የእኔም፣ የጆንያውም።

«ዋእ! ምንድን ነው ይሄ?»

«አመድ ነዋ!» አለ ናትናኤል፤ ከቅንድቡ እስከ ጫማው ግራጫ ሆኗል። «ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ውስጥ ያልለመንነው ዳቦ ቤት የለም።»

«ሓመድ አልኩ እንጂ አመድ መቼ አልኩ! ሓመድ አፈር ነው! አፈር!»

«ታዲያ አፈር አይሉም ነበር?» አለች ትዕግስት። «ደግሞ ልዩነቱ የታለ?»

«ጉሮሮ ውስጥ ነዋ፣ ጓለይ! ሓ! ሓ!»

ሁሉም «ሓ! ሓ!» እያሉ ጉሮሯቸውን ይሞክሩ ጀመር፤ ሙከራው ወደ ሳቅ ተለወጠ። ናትናኤል ጆንያው ላይ ዘፍ ብሎ፣ «ለፍተን ለፍተን አመድ አፋሽ!» ሲል እኔም አልቻልኩም። እነሱ አመድ ለብሰው እኔን ጭቃ ነክቶዎታል ብለው ይስቁብኛል። «አመድ በዱቄት ይስቃል!» አልኳቸው።

ነጎድጓዱ ሳቃችንን ቆረጠው። ሰማዩ በምዕራብ በኩል ጠቁሯል። «አመዱን ከውኃው አርቁ፣ ሸርጣኖቹን ትፈጃላችሁ! ዳገቱ ላይ ድፉት! ከዚያ መንገድ ወደሚሠራበት ሂዱ፣ እዚያ የተቆፈረ አፈር ተከምሯል!» ሮጡ። ቆፈርን፣ ሞላን፣ ተሸከምን። ሴት ወንድ አልተባለም። የመጨረሻውን ጆንያ ስናስቀምጥ የመጀመሪያዋ ጠብታ አንገቴ ላይ አረፈች።

ዝናቡ እንደ ጉድ ጣለ። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ጠዋት ስንደርስ ክትሩ ቆሟል። ደለሉ ከኋላው ተኝቷል፤ ወይራው ከነሥሩ አለ። ጅረቷ ከስንጥቋ ጥርት ብላ ትወጣለች፤ አንድ ሸርጣንም ድንጋይ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ትዕግስት አጠገቤ መጣች። «አቦይ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ለውኃ ብቻ ነው እንዲህ የሚሆኑት?»

ያኔ ነገርኳቸው። ካልሲውንም፣ ኮዳውንም፣ ወይራውንም። ስለ ካልሲው ሳቁ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ወይራው ሄዱ።

ክረምቱ ሲወጣ ችግኞቹን ቆጠርን። የተሰዉብን ችግኞች አሥራ አንድ ነበሩ፤ ሁሉንም ምስጥ በልቷቸዋል። ያ አመድ የተደፋባቸው ግን አንድም አልሞቱም፤ ምስጥ አመድ አይወድም። ናትናኤል ይህን ካየ ወዲህ «ስትራቴጂ ነበር» እያለ ይኩራራል። ተዉት፣ ይኩራራ።

ቆጥረን ስንጨርስ ወደ መቃብሩ ወረድን። እኔ በደምሴ ቋንቋ፣ «አፈሩን ገለባ ያድርግልህ» አልኩት። ትዕግስት ነጠላዋን አስተካክላ ጎንበስ አለች፤ በኔ ቋንቋ፣ «ሓመድ ይቕለሎ» አለች። «ሓ»ዋ ከጉሮሮዋ ጥርት ብላ ወጣች። ከማን እንደተማረችው አላውቅም።

እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም። ክንዴን ያዘችና፣ «እንሂድ፣ አቦይ ሓጎስ» አለችኝ።