ቀድሞ የሚደርስ ሰው

አንድ ወር ሙሉ በተከታታይ ስንሸነፍ ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀው ነበር፤ አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን የለም። ምክንያቱ መምህሬ ነበሩ።

በስልክ፣ በየቦታችን ሆነን በድምፅ እየተነጋገርን የምንጫወተው ጨዋታ አራት ለአራት ነው። በየጫፉ ግንብ አለ፤ የራስህን ትጠብቃለህ፣ የሌላውን ታፈርሳለህ። መሃል ሜዳው ላይ በየጥቂት ደቂቃው አንድ ግዙፍ አውሬ ብቅ ይላል፤ እኛ «ጎሹ» እንለዋለን። ጎሹን የገደለ ቡድን ጉልበቱ ይጨምርና የባላጋራውን ግንብ እንደ ገለባ ይበትነዋል። ብቻውን ለሄደበት ግን አንድ ቀንድ ይበቃዋል። ስለዚህ የጨዋታው ምስጢር የጣት ፍጥነት አይደለም፤ አራት ሰው እኩል መድረሱ ነው። ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ መከራው ማድረጉ ላይ ነው።

እኔ እንጅባራ ውስጥ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ አለኝ። የቡድኑ አለቃ ነኝ፤ የተመረጥሁት ከሁሉም በላይ ስለምጮህ ነው። የአክስቴ ልጅ እዚያው ከተማ ነርስ ናት። ለታካሚ ያላት ትዕግሥት ጨዋታ ላይ የለም፤ ስትናደድ ወደ አገውኛ ትሻገራለች። ሦስተኛው ዳንግላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ ወዳጄ ነው። ደንበኛ ሲመጣበት ስልኩን ጣቃው ላይ አስቀምጦ ይጠፋል፣ ሲመለስ ደግሞ ምንም እንዳላጠፋ ሰው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያለ ይመክረናል። አራተኛው የፊዚክስ መምህሬ ናቸው፤ ጡረታ ወጥተው አዲስ ቅዳም ይኖራሉ።

እሳቸውን ያስገባኋቸው እኔው ነኝ። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠው «ምንድን ነው እንዲህ የምትጠቀጥቀው?» ብለው ጠየቁኝ፤ እኔም ለጨዋነት ያህል አስረዳኋቸው። ሳምንት ሳይሞላ ደወሉና «ስልኬ ላይ ጭኜዋለሁ፤ አስገባኝ» አሉ። እምቢ ማለት በአእምሮዬም አልመጣም።

ጣታቸው ከእኔ ይሻላል። ችግራቸው ማርፈድን እንደ ኃጢአት የሚቆጥሩ ሰው መሆናቸው ነው። ሲያስተምሩን ደወል ከመደወሉ በፊት ጠመኔ ይዘው በር ላይ ነበሩ፤ ጎሹ ጋም እንደዚያው ናቸው። ገና ሳይወጣ ቀድመው ይቆማሉ፣ ሲወጣ ብቻቸውን ይገቡበታል። እኛ ያን ጊዜ መንገድ ላይ ነን።

ሌላ ቡድን ቢሆን ትቷቸው ኃይሉን ያሰባስባል። እኛ ግን ሽማግሌ በቀንድ ሲወጋ እያየን መቆም አልሆነልንም። ጨርቅ ነጋዴው ይሮጣል፣ ይሞታል። ነርሷ ትከተላለች። እኔ እየጮህሁ መጨረሻ እደርሳለሁ። ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው በየተራ ገብተን በየተራ እንወድቃለን።

«ይቆዩ» ብሎ መናገርም አለ፤ ግን ማን ይበላቸው? አንድ ጊዜ ደፍሬ «መምህር፣ ካላስቸገርሁዎት፣ እኛ እስክንደርስ ትንሽ ቢታገሡን» ማለት ጀመርሁ። ንግግሬን ሳልጨርስ ሞቱ።

በዚህ መሃል ዳንግላ ያለ አንድ ጌም ቤት፣ ከሦስት ዙር ሁለቱን ያሸነፈ የሚያልፍበት ውድድር አዘጋጀ። ነርሷ ሱቄ ድረስ መጣች።

«ላብራቶሪ ክፍላችን ውስጥ አንድ ጎበዝ ተጫዋች አለ» አለች። «በመምህር ቦታ እሱ ይግባ። ካልሆነ እኔ የለሁበትም።»

«ማን ይነግራቸዋል?»

«አለቃው ማን ነው?»

ቅዳሜ ወደ አዲስ ቅዳም ሄድሁ። የምናገረውን ሚኒባስ ላይ ስፈትል ቆየሁ፤ ባሳመርሁት ቁጥር ውሸቱ እየበዛ ሄደ። ቤታቸው ስደርስ ድንች ቅቅል በአዋዜ ቀረበልኝ። በሰበቡ አፌ ሥራ አገኘና ሦስት ድንች ያለ ንግግር በላሁ።

መምህር ደብተር አመጡ። በማስመሪያ የተሰመረ ነው። የተጫወትነውን ሁሉ ጽፈዋል፤ ጎሹ መቼ እንደወጣ፣ ማን መቼ እንደደረሰ።

«እኔ ሁልጊዜ ቀድሜ እደርሳለሁ» አሉ። «እናንተ ሁልጊዜ ትዘገያላችሁ። ሁልጊዜም እንሸነፋለን። ስሕተቱ የማን ነው?»

ልክ ሰሌዳ ላይ እንዳወጡኝ ላብ አጠመቀኝ። ያ ሁሉ የፈተልሁት ንግግር ጠፋብኝ።

«የእርስዎ» አልሁ።

እርሳሳቸውን አንሥተው በደብተሩ ግርጌ አንድ መስመር አሰመሩ።

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?» አሉ። «ዝም ስትሉ እኮ ልክ ነኝ ብዬ ነው።»

«እርስዎን እንዴት ብለን?»

ደብተሩን ዘጉት። «እና ዛሬ የመጣኸው ‹ይረፉ› ልትለኝ ነው።»

ወለሉን አየሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያፈርሁበትን ጊዜ አላስታውስም።

«ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ሁሉም ይረፉ ይለኛል» አሉ። «ልጆቼም፣ ጎረቤቱም። አልደከመኝም እኮ!»

ከዚያ ተነሥተው ከመሳቢያ ፊሽካ አወጡ፤ ጧት ሰልፍ ላይ ይነፉብን የነበረው ዓይነት ነው። «በአፍህ ማዘዝ ካፈርህ በዚህ እዘዘኝ። ፊሽካ ሽማግሌ አያውቅም። አንድ ረጅም ስትነፋ እቆማለሁ፤ ሁለት አጭር ስትነፋ እገባለሁ።»

እዚያው ልምምድ ጀመርን። መጀመሪያ በፍርሃት ስነፋው «ይኼ ፊሽካ ነው ወይስ ትንፋሽ?» አሉኝ። ጠንከር አድርጌ ስነፋ ጎረቤታቸው በአጥር በኩል አንገቷን አውጥታ ምን እንደሆንን ጠየቀች። መምህር ከስልካቸው ዓይናቸውን ሳያነሡ «ትምህርት ላይ ነን» አሏት።

ነርሷ ይህን ስነግራት ሳቀች፤ ግን በቀላሉ አልተረታችም። «የመጀመሪያውን ዙር ይጫወቱ። ፊሽካ ሳይነፋ ከገቡ ሁለተኛው ዙር ላይ የላብራቶሪው ልጅ በእሳቸው ቦታ ይቀመጣል። የምትነግራቸውም አንተው ነህ።» ለመምህር ይህንንም ነገርኋቸው፤ «ተገቢ ነው» ብቻ አሉ።

ዳንግላ መናኸሪያ ጨርቅ ነጋዴው ተቀበለንና እስከ ጌም ቤቱ አራታችን በጋሪ ሄድን። የላብራቶሪው ልጅ ቀድሞን ደርሶ ጥግ ይዞ ነበር፤ ስልኩን መቶ በመቶ ሞልቶታል። ከእኛ ማዶ የተቀመጡት አራቱ የዳንግላ ጎረምሶች መምህርን አይተው ለሰላምታ ብድግ አሉ፣ ተመልሰው ተቀመጡና ያለ ርኅራኄ ይወጉን ጀመር።

ጎሹ ሊወጣ ሲል መምህር እንደ ልማዳቸው ቀድመው ቆመዋል። ልክ ሲወጣ የነርሷ ኔትወርክ ተንጠለጠለ፤ የምታጫውታት ጀግና መሃል መንገድ ላይ ደርቃ ቀረች። ረጅሙን ፊሽካ ነፋሁ። ባላጋራዎቻችን ጎሹን መውጋት ጀመሩ። ከኋላችን የቆመው ተመልካች «ይግቡ እንጂ መምህር፣ ወሰዱት እኮ» ይላል። ጨርቅ ነጋዴው በትንፋሹ ይጸልያል። የላብራቶሪው ልጅ ከጥጉ ተነሥቷል።

ወደ መምህር ዞር አልሁ። አውራ ጣታቸው ስልኩ ላይ ተደግኗል። ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነው። ያኔ ፈራሁ። እስከዚያ ቀን እየጮህሁ አለቃ መሆን ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ያስተማረህ ሰው የአንተን ትእዛዝ ሲጠብቅ ግን ፊሽካው ራሱ ይከብዳል።

«መጣሁ» አለች ነርሷ።

ሁለት አጭር ነፋሁ። አራታችን እኩል ገባን። ጎረምሶቹ ከጎሹ ጋር ሲታገሉ ደክመው ነበርና ለመሸሽ እንኳ አልደረሱም። እነሱንም ጎሹንም ጠረግናቸው፤ የመጀመሪያውን ዙር ወሰድን። ጨርቅ ነጋዴው በደስታ አንገቴን አንቆ ሊገድለኝ ነበር።

ቀጣዮቹን ሁለት ዙሮች ተሸነፍን። ለካ በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ፊሽካ ስንነፋ እነሱም ይሰማሉ! ሁለት አጭር በነፋሁ ቁጥር ጎረምሶቹ ተዘጋጅተው ይጠብቁናል። ይህን ሳላስብ ዳንግላ ድረስ መምጣቴን ሳስታውሰው ዛሬም በራሴ እናደዳለሁ።

ስንወጣ መምህር ቀድመውን ወደ መንገዱ ወጥተዋል፤ ትከሻቸው ወረድ ብሏል። አሁን ራሳቸው «ልረፍ» ይሉኛል ብዬ ሰጋሁ። የማጽናኛ ቃል ስፈልግ ነርሷ አልፋኝ ሄዳ አጠገባቸው ደረሰች።

«መምህር» አለች፣ «የሚመጣው ቅዳሜ ልምምዳችን ስንት ሰዓት ነው?»

መነጽራቸውን አወለቁ፣ በኮታቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት።

«ስምንት ሰዓት» አሉ። «እስክትጠሩኝ እቆያለሁ።»