የእንድሪስ ድምፅ ወደ ሐርቡ

ደሴ፣ ጠዋት

ከደሴ የተነሣነው እኔና ባለቤቴ ዘይነባ ነን፤ የምንሄደው ሐርቡ፣ አጎቴ ሰይድ ዘንድ። ልጃቸው እንድሪስ ሰሜን ግንባር ከዘመተ ዓመት አልፎታል። ሰሞኑን ድምፁን በካሴት ቀርጾ «ከአባቴ በፊት ማንም እንዳይሰማው» ብሎ በባልደረባው እጅ ላከልን። አጎቴ ጆሯቸው ከብዷል፤ መንደራቸውም መብራት የለውም። ስለዚህ የቤታችንን ቴፕ ከነትልቁ ድምፅ ማጉያው ቮልሳችን ላይ ጫንኩት። ከመኪናው ባትሪ እንዲሠራ ሽቦ የቀጠለልኝ አንድ የደሴ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው።

የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ በዘፈን ካሴት ሞከርኩት። ድምፁ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል። ስጨምርለት ጭራሽ ይደክማል።

«ወላሂ፣ ጠጋኙ የማጉያውን ሆድ ዕቃ ለውጦታል!» አለች ዘይነባ። «ለምን ጓዳ ይዞት ገባ? ደህናውን አውጥቶ አሮጌ ከቶልሃል።»

አመንኳት። ጠመዝማዛውን ቁልቁለት እስክንጨርስ ሰውየውን በልቤ ስከስሰው ወረድኩ።

ኮምቦልቻ

ኬላው ላይ ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጥበቃ የማጉያውን ሳጥን አየና አስቆመን።

«ይህን ይዛችሁ ማንን ልትሰብኩ ነው? ጴንጤ ናችሁ?»

«እስላሞች ነን፣ ጓድ። የወታደር ልጅ ድምፅ ነው፤ ለአባቱ እያደረስን ነው።»

«እስቲ አሰማኝ።»

የእንድሪስን ካሴት ከትቼ ከፈትኩት። የተሰማው ሹክሹክታ ብቻ ነው። ፊቱ ጠቆረ። «ሆን ብለህ ነው ያደከምከው። ውረድ!»

መብራት ያለበት ሻይ ቤት አስገባንና ገመዱን ሶኬት ላይ አስሰካኝ። ካሴቱ ውስጥ ያለውን እኔም አላውቅ። የእንድሪስ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ሰላምታው ረዘም አለ፤ ከዚያ፦ «አባዬ፣ ታናሼን ሐሰንን ከቀበሌው መልማዮች ዓይን አርቀው። እዚህ እንዳይመጣ...»

ጥበቃው እጁን ዘርግቶ ድምፁን ቀነሰው። ሻይ ጠጪዎቹ ወደ ብርጭቋቸው አቀረቀሩ። የዘይነባ ከንፈር ለዱዓ ይንቀሳቀሳል።

«ሰላምታ ነው፤ ሰምቻለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ሂዱ። መስኮት ሳትዘጉ ግን እንዳታሰሙት።»

አላመንኩትም። ከከተማው እስክንወጣ ሰው አስከትሎብን እንደሆነ በመስታወቱ ኋላዬን ሳይ ነበር።

የማሽላ ማሳ ዳር ስንደርስ ነው ሐሳቤ ወደ ማጉያው የተመለሰው። ሻይ ቤት ውስጥ እንደዚያ ከጮኸ ማጉያው ደህና ነው፤ ድካሙ ከመኪናው ነው ማለት ነው። ቆምኩና ሽቦውን ዳሰስኩት። ይፋጃል! ጠጋኙ የቀጠለው ረጅምና ቀጭን ሽቦ ነው፤ ኃይሉ ቴፑ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ ወንበሩን አንሥቼ፣ ከመፍቻዎቼ መካከል ያገኘሁትን ወፍራም ሽቦ አሳጥሬ በቀጥታ አገናኘሁት። ዘፈኑ ማሳው ላይ አስተጋባ።

«ሰውየው አልሰረቀንማ!» አለች።

«ሽቦ ግን ሰስቷል።»

ሐርቡ

አጎቴን መኪናው ውስጥ አስገብተን፣ ሙቀቱ እያፈነን መስኮቶቹን ዘጋን። አጎቴ ጆሯቸውን ማጉያው ላይ አስጠግተው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ድምፁ ጎርነን ብሏል።»

«ስለ ሐሰን ያለውን ሰሙት፣ አጎቴ?»

«ሰማሁ፣ ልጄ። አንተ ግን አልሰማህም።»

በማግስቱ ደሴ ገባን። ወር ሳይሞላ ሐሰን ከሐርቡ እንደጠፋ ሰማሁ፤ የት እንዳለ አልጠየቅኩም። ከዚያ ጉዞ የተማርኩት፣ ድምፅ ሲደክም ሰው ከመጠርጠር በፊት ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ መዳሰስ ነው። ሰውን እንዴት እንደሚዳስሱት ግን አልተማርኩም። ያ ጥበቃ ለምን እንደለቀቀን እስካሁን አላውቅም። ለብዙ ጊዜ በራችን በተንኳኳ ቁጥር እሱ የላከው ሰው ይመስለኝ ነበር። ማንም አልመጣም።