የሲኞራ ሮዛሊያ የወንድም ልጅ

የብርቱካን ልጣጭ ሲሞቅ የሚያወጣው ሽታ አፍንጫዬን ሽው ባለው ቁጥር፣ ሮም ውስጥ ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው የሲኞራ ሮዛሊያ ቤት ይመጣብኛል። እማዬ እኚህን ልጅ ያልወለዱ የሲሲሊ ባልቴት ተቀጥራ ትጦር ስለነበር፣ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያው እውል ነበር፤ እሳቸው ልጣጩን ማሞቂያው ላይ ደርድረው በመስኮት ትራሙን ያዩ ነበር።

በመከር ወራት አስተማሪያችን የዘር ሐረጋችንን ሥለን እንድናመጣ አዘዘችን። እማዬ ሳህን እያጠበች እስከ ሰባት ቤት ቆጠረችልኝ። የእርሳቸውንስ ብዬ ሲኞራን ብጠይቃቸው፣ «የኔ አይቆጠርም፣ ልጄ» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ምክንያቱን ያወቅሁት ብርዱ ሲጠና ነው። አንድ ከሰዓት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው ልጅ ትንሽ ሻንጣ ይዞ መጣና ሳልቮ እንደሚባል፣ የወንድማቸው ልጅ እንደሆነ ነገራቸው። ሲኞራ የወንበሩን መደገፊያ ጨምድደው ያዙ። አባታቸውና ወንድማቸው የማፊያ ሰዎች ነበሩ፤ እሳቸውንም በሁለት ቤተሰቦች መካከል ዕርቅ እንዲወርድ ብለው ለባላንጣ ልጅ ድረዋቸው፣ ዕርቁ ሲፈርስ ወንድማቸው ባላቸውን አስገድሎት ነበር። አሁን ወንድምየው ታስሮ፣ አጎቶቹ ሳልቮን የአባትህን ቦታ የመያዝ ተራው የአንተ ነው ቢሉት፣ እናቱ የሲኞራን አድራሻ ሰጥታ አሽሽታዋለች።

እማዬ ለእኔ ፈርታ፣ ፈልገውት ቢመጡ ሁላችንም እንደምንጠፋ በቀስታ ነገረቻቸው። ሲኞራ ወደ ሳልቮ ዞሩ። ከዚያ፣ «አባትህ ባሌን ሲያስገድል አንተ አልተወለድክም። ግባ» አሉት።

እማዬ ሳምንት ሙሉ እኛ በምንኖርበት ሰፈር በፒኜቶ ጎረቤታችን ዘንድ እየተወችኝ ብቻዋን ትሄድ ነበር፤ ሥራውን ልትተው አስባ፣ አሮጊቷን ጥላ መሄድ አልሆንላት ብሎ ቀረ። በጸደይ ከሳልቮ አጎቶች አንዱ ስልክ ሲደውል አንስተው ያነጋገሩት ሲኞራ ናቸው። «እዚህ ያለው የኔ ልጅ ነው፤ የእናንተ ሰው የለም» ብለው ዘጉት። ከዚያ ሄደው የበሩን መቀርቀሪያ አጠበቁ። የመጣ ሰው አልነበረም። በበጋው ሳልቮ ዳቦ ቤት ተቀጠረ፤ እሁድ እሁድ እኛን አስቀምጦ እሱ ምሳ ያቀርብልን ነበር።

ከዓመታት በኋላ ሲኞራ ሲያርፉ የሬሳ ሣጥናቸውን ከፊት ሆኖ የተሸከመው እሱ ነው። በልጅነቴ ነገሩ ሁሉ ገበታ ላይ አንድ ሳህን እንደ መጨመር ቀሎ ይታየኝ ነበር፣ ለእማዬ ፍርሃትም አኩርፌያት ነበር። አሁን እኔም የልጅ እናት ሆኜ ሳስበው፣ የባሌን ገዳይ ልጅ ደጄ ላይ ባየው ምን እንደምለው አላውቅም።