ሐኪሟና የአባቷ ብዕር

ሐኪሟ በሕይወቷ አንድም ሰው አክማ አታውቅም። የምታክመው ብዕር ነው፤ ቀለም የሚያፈሰውን፣ ጫፉ የተጣመመውን፣ ወድቆ የተሰነጠቀውን። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ደረጃ ሥር፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር በጭንቅ የምታስገባ ክፍል አለቻት። ጎረቤቶቿ ይህን ቅጽል ያወጡላት እጇን አይተው ነው፤ እውነትም እጇ የተባረከ ነው። ሆዷን ግን ማን ያየዋል?

አባቷ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሲጽፉ የኖሩት በአንድ ጥቁር ብዕር ነበር። ሙያውን የጀመረችውም ያንኑ ብዕር ስትፈታና ስትገጥም ነው፤ ስለዚህ ጡረታ ሲወጡ ለማን እንደሚሰጡት ተጠራጥራ አታውቅም። ታናሽ እህቷ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የሆነች ለት አባትየው ብዕሩን ከደረት ኪሳቸው አወጡና ለታናሺቱ ሰጧት።

«አንቺማ» አሉ ወደ ትልቋ ዞረው እየሳቁ፣ «ቤትሽ ብዕር በብዕር ነው፤ ምን ያደርግልሻል?»

ሐኪሟ አብራ ሳቀች። ቅናት ግን ያን ዕለት ሆዷ ገባና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እህቷ ስትመረቅ፣ እህቷ ስትሾም፣ ሁሉንም ችላው ነበር። ይህን ግን አልቻለችም።

ዓመት ሳይሞላ ታናሺቱ ከተፍ አለች፣ የሸሚዟ ኪስ ቀለም ጠጥቶ።

«እትዬ፣ ክዳኑ አልይዝ አለኝ። ጉድ እኮ ነው የሠራኝ፣ እይው ሸሚዜን።»

ሐኪሟ ክዳኑን በአጉሊ መነጽር አየችው። ውስጡ ብዕሩን ጨብጠው የሚይዙ አራት ቀጫጭን የብረት ምላሶች አሉ፤ እነሱ ወደ ውጭ ተከፍተዋል። እያንዳንዱን በወረንጦ አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ገፋ ማድረግ ነው፤ አሥር ደቂቃም አይፈጅ።

«ሦስት ቀን ተዪልኝ» አለቻት።

ሦስቱን ቀን የቤቷን አስቤዛ በብዕሩ ጻፈችበት፦ ሳሙና፣ ሽንኩርት፣ ክብሪት። ክብሪት የሚለው ቃል እንኳ በአባቷ ብዕር ሲጻፍ ደስ አላት። ከዚያ ምላሶቹን ሳትነካ ክዳኑን ከውስጥ ስስ ሰም ቀባችና መለሰችላት። ሰም ቢበዛ ወር ይይዛል። የፈለገችውም ይህንኑ ነው። በሌላ ሰው ብዕር ላይ እንዲህ ያለ ሥራ የሠራ ባልደረባ ብታይ ከዚያ ወዲያ ሰላም አትለውም ነበር።

በየወሩ ብዕሩ ይመጣል፣ ሦስት ቀን ያድራል፣ ይሄዳል። «ዛሬም ላላ?» ትላለች፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው። እህትየው አንድም ቀን አልጠረጠረቻትም፤ ይህ ደግሞ ሐኪሟን ይባስ አናደዳት። ሰው እንዴት እንዲህ ቅን ይሆናል?

በአምስተኛው ወር ብዕሩን ይዘው የመጡት አባትየው ራሳቸው ናቸው። ወንበሩ ላይ አረፍ አሉ።

«ልጄ፣ እህትሽ ታከታት። እኔም አሰብኩት፤ ላንቺ ካልሆነልሽ ለማንም አይሆንለትም። ለሷ አዲስ ገዝቼላታለሁ።» ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ይሄን ፈታተሽ መለዋወጫ አድርጊው። መጣሉ አሳዘነኝ።»

ወረንጦው እጇ ላይ ነበር። ግን እዚሁ ፊታቸው ብትሠራው «እስከ ዛሬስ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል።

«እሺ አባዬ» አለች።

«አይዞሽ» አሉና ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረጉ። «ሁሉ ነገር አይሆንልንም እኮ።» ስለ ሥራዋ እንዲህ በሐዘኔታ ድምፅ ሲያናግሯት ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

ገና ከመንገዱ ሳይርቁ ሠርታ ጨረሰችው። ክዳኑ ቀጭ ብሎ ገጠመ፤ ገልብጣ ብታራግፈውም ንቅንቅ አላለም። ብዕሩ የሷ ሆነ። አባቷ በበሩ ባለፉ ቁጥር ግን ጥፋት እንደሠራ ልጅ መሳቢያ ውስጥ ትከተዋለች።

አንድ ጠዋት የታናሺቱን አዲስ ብዕር ይዘው ሲመጡ በመስኮት አየቻቸው። ጠረጴዛዋን ጠረግ ጠረግ አደረገች፣ ወንበሩን አስተካከለች። አልገቡም። መንገዱን ተሻግረው ሰዓት ሠሪው ሱቅ ገቡ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተው ሲወጡ በሯ ላይ ቆማ አገኟት።

«ምን ሆኖ ነው አባዬ?»

«ቀለም አልወርድ ብሎ ነው፤ ምንም አይደል» አሉ፣ እንደ ማፈር ብለው። «አንቺን እንዳላስጨንቅሽ ብዬ ነው።»