ልጄ ቼክ አድርጊልኝ ያለችኝ ሰዓት

ልጄ አዲስ ሥራ ይዛ የሙከራ ጊዜዋ ላይ ነበረች። ፎርት ዎርዝ ያለ፣ በሽተኞችን ከቤታቸው ወደ ክሊኒክ የሚያመላልስ ድርጅት የቀጠሮ ገጽ ሥሪልን ብሏታል። ላፕቶፗ ላይ ጥሩ ይሠራል፤ ክላውድ ወደሚሉት የኢንተርኔት ኮምፒዩተር ስታወጣው ግን ቀጥ ይላል። አለቃዋ "ሰኞ ጠዋት ካልሠራ ሌላ ሰው እንፈልጋለን" ብሏታል።

እሁድ ከሰዓት ሶፋው ላይ ፊቷ ሲጠቁር አየሁ። አራተኛ ክፍልን ሳልጨርስ የተውኩ ሴት ምን ልርዳት? ሻይ እያቀረብኩ "አሁንስ ምን ሆነ?" እላለሁ።

"ኮዱ ደህና ነው፣ ማሚ። ሴቲንጉ ነው። የዳታቤዙን ፓስወርድ እዚያ አልሰጠሁትም።"

"ታዲያ ስጪዋ!"

"ሰጠሁትኮ። አሁን ደግሞ ሌላ ይጠይቀኛል፤ ልክ እንዳንቺ።"

ኋላ ገጹ ተከፈተ። እልል ልል ስል አፌን በእጇ ያዘችኝ።

"ቆይ ገና ነው። ስልክሽ ላይ ቼክ አድርጊልኝ። የእማማ መኪና ነገ ጠዋት ኤይት ላይ ነው። ልክ ነው የሚለው?"

እማማ የኩላሊት እጥበት ያለባቸው አሮጊት ጎረቤታችን ናቸው። አንድ ቀን ከቀረባቸው እግራቸው ያብጣል።

አየሁት፤ 2:00 ይላል። ኤይት ለኔ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ዳላስ ኖሬም ሰዓት የምቆጥረው በኛው ነው። አጠገቡ ያሉትን ትንንሽ ፊደሎች ልብም አላልኳቸው። "ልክ ነው" አልኳት። እፎይ ብላ ላፕቶፗን ዘጋች።

ጠዋት እማማ ደወሉ። "አንቺ፣ በረዶ ሆኜ ቀረሁ እኮ! ያ መኪና የታለ?"

ልጄ ገጹን ከፍታ ጮኸች። "ቱ ፒኤም! ማሚ፣ ከሰዓት በኋላ ነው የሚለው! ክላውዱ በራሱ ሰዓት ነው የሚሄደው፤ በዳላስ ሰዓት ሂድ አላልኩትም።"

"እኔ እኮ በኛ አቆጣጠር መስሎኝ..."

"ኮምፒዩተሩ ሀበሻ ነው እንዴ?"

እሷ ሰዓቱን እያስተካከለች ለሌሎቹ በሽተኞች ስትደውል፣ እኔ እማማን ጭኜ ቤድፎርድ ወዳለው ክሊኒካቸው ነዳሁ። ሃይዌይ እፈራለሁ። ያን ቀን ግን የፈራሁት ስልኬ ጮኾ ልጄ "ተባረርኩ" እንዳትለኝ ነበር።

"ቀስ በይ እንጂ" ይላሉ እማማ። "ከገደልሽኝ ማንን ልታሳጥቢ ነው?"

ከሰዓት ልጄ ከቢሮ ስትመለስ በሩ ላይ ጠበቅኳት። "አባረሩሽ?"

"የለም። ሙከራውን አራዘሙብኝ።"

"የእናቴ ጥፋት ነው አላልሻቸውም?"

"ሴቲንጉ የኔ ሥራ ነው፣ ማሚ።"

ከዚያ ወዲህ ላፕቶፗን ስትከፍት ስልኬን ይዤ ጎኗ እቀመጣለሁ። ቼክ አድርጊልኝ ብላኝ ግን አታውቅም።